ሸንተረር ላጠፋ ብዬ ሸንተረር የገዛሁበት ዓመት

በ2009 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት ቁመቴም ዳሌዬም አንድ ላይ ተነሱ። ዘመዶች "ተመችቶሻል!" ይሉኛል፤ ለእነሱ ምርቃት ነው፣ ለእኔ ስድብ። መስከረም ላይ የስፖርት ቁምጣዬን ስለብስ ጭኔ ላይ ድመት የቧጨረችኝ የሚመስል ወይን ጠጅ መስመር አየሁ፤ ቆዳ ሲለጠጥ የሚወጣው ሸንተረር።

መጀመሪያ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግኩ። የወይራ ዘይቱ አንሶላ አበላሸ። ሎሚው አቃጠለኝ። "ውሃ ጠጪ" የሚሉሽንም ተያቸው፤ ውሃ ለጥማት ነው።

ሚያዝያ ላይ ክፍላችን ሶደሬ ሊሄድ ነው ተባለ። ዋና! ጨነቀኝና ከሰፈሬ ራቅ ወዳለ ፋርማሲ ሄድኩ። "ለጠባሳ የሚሆን፣ ጠንከር ያለ" አልኩ ቀና ሳልል። ሰውየው ስልኩን እያየ ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ቱቦ አወረደ። "ጠዋትና ማታ ተቀቢው።" በቃ። ማዘዣ አልጠየቀም። የት ልትቀቢው ነው አላለም። ዕድሜሽ ስንት ነው አላለም። ዩኒፎርም ለብሼ እኮ ነው! ዝርዝር የለኝም ብሎ የመልሱን ማስቲካ ሰጠኝ።

እማዬ እንዳታየው ካርቶኑን መንገድ ላይ ጣልኩት። ውስጡ የነበረው ወረቀትም አብሮ ሄደ። ቱቦውን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ደበቅኩት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለሙ ፈዘዝ አለ። ደስ አለኝና እስከ ብሽሽቴ ድረስ መቀባት ጀመርኩ። ሦስተኛው ወር ላይ ቆዳዬ ሳስቶ ሥሮቼ ይታዩ ጀመር። ምንም ባልነበረበት ብሽሽቴ ላይ ጣት የሚያክሉ አዳዲስ ሸንተረሮች ወጡ። ሰው እዚህ ላይ ያቆማል አይደል? እኔ "አልበቃውም" ብዬ ሁለተኛ ቱቦ ገዛሁ። ከዚያው ሰውዬ። አሁንም ማስቲካ።

ሶደሬ ስንሄድ የወር አበባዬ መጥቷል ብዬ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። የሁሉንም ቦርሳና ጫማ ስጠብቅ ዋልኩ።

በመጨረሻ ሲራመዱ መፋተጉ ሲያቃጥለኝ ለእማዬ ነገርኳት። ጮኸችብኝ፣ ከዚያ አለርት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዶክተሯ ቱቦውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ክሎቤታሶል ነው፤ በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ። እንደ ችፌ ላለ ሕመም ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ሸንተረርም ራሱ ያመጣል፤ ብሽሽትና ብብት ላይ ደግሞ ይብሳል። "ሸንተረር ልታጠፊ ሸንተረር ገዛሽ" አለችኝ። የሚቀደደው ከላይኛው ቆዳ በታች ያለው ንብርብር ስለሆነ ዘይት ብትቀቢው አይሰፋውም። ጠቆር ያለው ቀለም ግን በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ በራሱ ይፈዛል። የጭኔ ፈዟል። የብሽሽቴ፣ የገዛሁት፣ ዛሬም አለ።

ሰውየው እስካሁን ያናድደኛል። ከሱ ይልቅ የሚያናድደኝ ወረቀቱ ነው፤ ሳላነበው ጣልኩት። ሰውነትሽን ውደጂ የሚሉትን አልቃወምም። እኔ ግን በዚያ ዕድሜ "ካርቶኑን አትጣዪ" የሚለኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ። ተቀብተሽ ከሆነም ቱቦውን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ስሙን ለማስረዳት አትድከሚ።

ከአለርት በተመለስን ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ግቢ ውስጥ ፀጉሩን ሲታጠብ ውሃ አፍስሺልኝ አለኝ። በአንድ ዓመት ከእኔ በላይ የተመዘዘ ልጅ ነው። ጎንበስ ሲል ወገቡ ላይ አግድም የተሰመሩ መስመሮች አየሁ፤ እንደ መሰላል ተደርድረዋል። ጆጉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ጀርባህ ምን ሆኖ ነው?"

"ምኑ?" አለ። "አፍስሺ እንጂ፣ ሳሙናው ዓይኔ ገባ!"