«ታኮው የታለ?»፦ ሞዴል መኪና እየሠራሁ ደንበኛ መስማት የተማርኩበት መንገድ

እስክሪብቶ ሊገዙ ነበር የመጡት። ደሴ ፒያሳ፣ ጓደኛዬ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ፣ በእጄ የሠራኋቸውን ሦስት ሞዴል መኪኖች ደርድሬያለሁ። አንድ ባጃጅ፣ አንድ ዶልፊን ሚኒባስ፣ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና። ሽማግሌው ኤንትሬውን ሲያዩ ቆሙ። በሁለት እጃቸው አነሱት። ገልብጠው ከሥሩ አዩት። ጎማውን በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩት። ከዚያ «ቆንጆ ነው፤ እጅህ ይባረክ» ብለው ወደ ቦታው መለሱትና እስክሪብቷቸውን ይዘው ወጡ።

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የሽማግሌ ምርቃት ቀላል ነገር አይደለም። ማታ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ግን፣ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ፣ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እኚህ ሰው መኪናውን እንዲያ አገላብጠው አይተው ዋጋ እንኳ አልጠየቁም። የሆነ ነገር ፈልገው አጥተዋል። ምን ይሆን?

እኔ ቀን ቀን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የቦዲ ሠራተኛ ነኝ። መኪና መሥራት የጀመርኩት እንደ ሰፈሬ ልጆች ሁሉ በሽቦና በቆርኪ ነው። አድጌ ጋራዥ ስገባ ቆርቆሮ፣ ስቱኮና ቀለም እጄ ላይ ሆነ፤ ልጅነቴም ተመልሶ መጣ። አሁን የምሠራው በ1 ለ24 ልኬት ነው። እውነተኛውን መኪና በሜትር እለካለሁ፣ ለ24 አካፍላለሁ፣ በዚያው እቆርጣለሁ። ርዝመቱ 4.7 ሜትር ገደማ የሆነ ሃይስ ሚኒባስ 19 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። 2.6 ሜትር ገደማ የሆነ ባጃጅ ደግሞ 11 ሳንቲ ሜትር። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ይወጣል። መስታወቱ ከሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ቀሪው ትዕግሥትና ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ልኬቱ ልክ ከሆነ ሥራው አለቀ ብዬ አምን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። መጡ። ኤንትሬዋን እንደገና አነሱ። ቶሎ ብዬ «ጋሼ፣ ምን ጎድሎታል?» አልኳቸው። «ምንም አልጎደለውም፣ አብሽር» አሉኝ። አሁንም መልሰው አስቀመጡት። ያኔ ነው ጥያቄዬ ልክ እንዳልነበረ የገባኝ። «ምን ጎደለ» ማለት ሰውን ነውር እንዲያወጣብህ መጠየቅ ነው። በእኛ አገር፣ በተለይ በወሎ፣ የሰው ልፋት ላይ ፊት ለፊት ነውር የሚያወጣ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ይሉኝታ አለ። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው። «ነድተውታል እንዴ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3ን ነው። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው፤ ስሙ ከዚያ መጣ። የ682 ዘር መመረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ሽማግሌው ከአሰብ ወደ ደሴ ጭነት ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ። የአፋሩን ሙቀት ነገሩኝ። ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን አልፈው በመጨረሻ ሐረጎን እንዴት እንደሚወጡ ነገሩኝ። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የሚወጣው። ድንገት ሞተር ከጠፋ ወይም ፍሬን ካስፈራ፣ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ረዳቱ ከጋቢና ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ይወትፋል።

እዚህ ላይ ሲደርሱ መኪናዬን ለሦስተኛ ጊዜ አነሱት። ወደ ኋላ ጎማው ጠቆሙኝ። «ታኮው የታለ? ያለ ታኮ እንዴት ትወጣለህ?» አሉኝ።

እኔ ጋቢናውን በሚሊ ሜትር ለክቻለሁ። ፓራውልቱን፣ ስፖንዳውን፣ ስፖኪዮውን ሁሉ ሠርቻለሁ። ታኮ ግን የመኪናው አካል ስላልሆነ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለሳቸው ደግሞ ታኮ የሌለው ኤንትሬ ገደል አፍ ላይ የቆመ መኪና ነው። በዚያው ሳምንት ከባሕር ዛፍ ቁራጭ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ታኮ ጠረብኩ። በክር አስሬ ከጋቢናው ጀርባ አንጠለጠልኳት። መጥተው አዩና ዋጋ ጠየቁ። በሚቀጥለው ወር ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸውን ይዘውልኝ መጡ።

ሞዴል መኪና የሚሠራው የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. በሩቅ መቆጣጠሪያ የሚነዳ ፖርሽ 934 አውጥቷል። መኪናውን በደንብ ለማወቅ እውነተኛ ፖርሽ ገዝተው እንደፈቱት ይነገራል። እኔ ፈትቼ የማየው ኤንትሬ መግዛት አልችልም። ግን የነዱት ሰዎች አሉ። መኪናው ከነብሎኑ እነሱ ውስጥ አለ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ስለ ሞዴሉ መጠየቅ ትቼ ስለ መኪናው ነው የምጠይቀው። የት ነው ያቆሙት? ማን ነበር ረዳቱ? ምን ጭነው ነበር? ከዚያ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ደብተርም ገዛሁ። የሰው ቃል እንደወጣ ነው የምጽፈው እንጂ እኔ እንደገባኝ አይደለም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልዩነቱን ያየሁት ግን በቀለም ነው።

አንድ ክረምት ሦስት መኪና ተሸጠልኝ። አንዱ ገዢ «ደብዘዝ ብሏል» አለኝ። ፀሐይ ላይ አስቀምጦት ይሆናል አልኩ። ሌላዋ «ሻሽ ያጠለቀ ይመስላል» አለች። አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። ሦስተኛው «ወተት የፈሰሰበት ይመስላል» ሲል ግን ደብተሩን ገለጥኩ። ሻሽ፣ ወተት። ሁለቱም ነጭ ነው። ሦስቱንም መኪና የቀባሁት ሐምሌ ላይ ነበር፤ ደሴ፣ ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን በሸፈነበት ቀን። ቶሎ የሚደርቅ ስፕሬይ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ያርፍና ቀለሙ ነጭ ይለብሳል። በጋራዥ ይህን አውቀዋለሁ፤ ትልቁን መኪና በጉም አንቀባም። ትንሿ ላይ ግን ዘነጋሁት። ሦስቱንም ተቀብዬ ፍቄ እንደገና ቀባሁ፤ ገንዘብ አላስጨመርኩም። አሁን ክረምት ላይ የምቀባው ኮምቦልቻ ነው፤ ሙቅ ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ። ሰዎቹ ስለ እርጥበት አንድ ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ያዩትን ነው። ምክንያቱን መፈለግ የእኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሰበብ ፈለግኩላቸው። ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ደንበኛ ያለውን ሁሉ መፈጸም ጀመርኩ። አንድ ወጣት ዶልፊን አዘዘኝ። በሮቹ ሁሉ ይከፈቱ፣ መብራቱ ይብራ፣ ፍሬቻው ብልጭ ይበል፣ ወንበሮቹ ይታጠፉ አለ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ማጠፊያዎቹ ወፈሩ፣ ሽቦው ኮርኒሱን ገፋው፣ የመኪናው ቅርጽ ጠፋ። ተንሸራታቹ በር ደግሞ በሦስተኛው ቀን ተቸነከረ። ቀብዱን መለስኩለት።

ስንለያይ ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብልህስ?» አላሰበም። «በሩን» አለኝ። ለካ አራት ዓመት ረዳት ሆኖ ሠርቷል። እጁ የኖረው እዚያ በር ላይ ነው። በር ብቻ የሚንሸራተትበት ሌላ ሠራሁለት። ሐዲዱን ያገኘሁት ከአሮጌ ጃንጥላ ነው፤ የጃንጥላውን ጨርቅ የሚወጥረው ሽቦ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። የቀረው ሁሉ ድፍን ነው። ሲረከበኝ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ። ስለ መብራቱ አላነሳብኝም።

ስለዚህ አሁን ትእዛዝ ስቀበል ሁለት ነገር ለይቼ እጽፋለሁ። ሰውየው የጠራውን ሁሉ በአንድ ገጽ። አንዱን ብቻ ምረጥ ስለው የመረጠውን በሌላ ገጽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ካልተሳካ መኪናውን አልሸጥም።

ከልጆችም ብዙ ተምሬያለሁ፤ ልጅ ይሉኝታ የለውም። ባጃጁ ላይ ሰማያዊ ታርጋ ለጥፌ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ «ኮድ 1 ቀይ ነው፤ ይሄ የቤት መኪና ነው እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ልክ ነው። እንዲያውም ከዓለም ታዋቂ ትንንሽ መኪኖች አንዱ ከልጅ ጉዳይ ነው የተወለደው ይባላል። ጃክ ኦዴል የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። የሴት ልጁ ትምህርት ቤት ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከሚገባ መጫወቻ በላይ ይዞ መምጣት አይፈቅድም ነበር። አባት ከናስ ትንሽ ዳምጠው ሠራላት። ማችቦክስ በ1953 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ ነው። ኦዴል የትምህርት ቤቱን ደንብ አልተከራከረም። ቀፎውን ለካ።

ዋጋ ላይ ብዙ አልልም። «ተወደደ» የሚል ሰው ሁሉ አንድ ነገር ማለቱ አይደለም። አንዳንዱ ገንዘብ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣበት ነገር መኪናው ውስጥ አላየም። ሁለተኛውን ዋጋ ቀንሰህ አትመልሰውም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ፎቶ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ሾፌር ነበሩ፤ አርፈዋል። ፎቶው ላይ ኤንትሬ አለ፤ ግማሹ በሰው ተሸፍኗል። ሠርቼ ጨረስኩ። ታኮውም አለ። ጠርቻቸው መጡ፣ አዩት። «ያምራል» አሉና ዝም አሉ። ያንን ዝምታ አሁን አውቀዋለሁ። አልተከዝኩም፤ ደብተሬን ገልጬ «እማማ፣ ጋሼ ከመንገድ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነበር?» አልኳቸው።

«ሰሌኑን» አሉኝ። ከባቲ ሰሌን ገዝተው ጠቅልለው ጋቢናው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ያስሩት ነበር። ክላክሱ ከመሰማቱ በፊት ልጆቹ ሰሌኑን ከሩቅ አይተው ነው የሚሮጡት። ፎቶው ላይ ሰሌን የለም። ልኬትም የለኝም።

ስንደዶ ሰንጥቄ፣ አጥቤ፣ በክር ገመድኩት። የጣት ቁመት የማትሞላ ጥቅል ሰሌን ወጣች። ፖርቶመጋላው ላይ አስሬ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ቡፌው ላይ ሳስቀምጠው መኪናውን ብዙም አላዩትም። ሰሌኗን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን አዩ።

«ገመዱ በግራ በኩል ነበር የሚታሰረው» አሉኝ።

ፈታሁትና በግራ አሰርኩት።