የጎማ ንፋስ መብራቱን ያጠፋሁት እንዲህ ነው

ከአሜሪካ የገባች ቶዮታ ራቭ ፎር አለችኝ። ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ሳስነሳት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት መብራት ጀመረ። መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት የጎማ ምልክት ነው። ትንሽ ነድቼ ጎማው ሲሞቅ ይጠፋል፤ በማግስቱ ይመለሳል።

የሰፈራችን ጎሚስታ አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገና «ጋሼ፣ ጎማዎ አንደኛ ነው፤ ሴንሰሩ ነው የተበላሸው» አለኝ፤ ጎማው ውስጥ ሆኖ ንፋሱን የሚለካውን ዕቃ ማለቱ ነው። ሌላ መካኒክ ደግሞ መብራቱን በጥቁር ፕላስተር ሸፍነው ብሎ መከረኝ። ይሄን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ግን በፍጹም አልስማማበትም። ንፋስ ያነሰው ጎማ በሄደ ቁጥር ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል። የአዋሽ መንገድ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። አሜሪካኖች በ2000 እ.ኤ.አ. ለዚህ መብራት መነሻ የሆነውን ሕግ ያወጡት በጎማ ብልሽት ሰው ስላለቀባቸው ነው። ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ለገበያ የሚሠራ የቤት መኪና ሁሉ ይሄ መብራት ግዴታው ሆኗል።

የራሴን የንፋስ መለኪያ ገዛሁ። ጠዋት መኪናዋ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ለካሁ፤ አራቱም 29 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ናቸው። የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ ብታዩ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። የእኔ 32 ይላል። መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ንፋሱ ከልኩ በሩብ ሲቀንስ ነው፤ ማለትም 24 ሲደርስ። ታዲያ 29 ላይ ምን አበራው?

መልሱን ያገኘሁት ከመኪናዋ መመሪያ ነው። ከመሪው ሥር ያለችው ትንሿ በተን መብራት ማጥፊያ አይደለችም። እሷን መጫን መኪናዋን «አሁን ያለው ንፋስ ልኩ ነው፣ ይሄን ያዢ» ማለት ነው። ጎማ ያስቀየረው ወንድሜ ነበርና ጠየቅኩት። ጎሚስታው 40 ሞልቶ በተኗን ተጭኗታል። የ40 ሩብ 10 ነው፤ ስለዚህ መኪናዋ ከ30 በታች የሆነውን ሁሉ ጎደለ ብላ ትቆጥራለች። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም ነበር። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል፦ 24 ላይ ሳለ መብራቱ ይጥፋ ብሎ የሚጫን ሰው፣ ጎማው 18 እስኪደርስ ማስጠንቀቂያ አያይም።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ጎማው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ያልሄደ። በትንሿ ኮምፕሬሰር አራቱንም 32 ሞላሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ኦን ላይ አደረግኩ። በተኗን ተጭኜ ያዝኩ። መብራቱ ቀስ እያለ ሦስት ጊዜ ብልጭ ሲል ለቀቅኩ። ከዚያ ቁልፉን ሳልነካ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅኩና አጠፋሁ። በማግስቱ በዚያ ብርድ አስነሳኋት፤ መብራቱ የለም።

በተኗ በሁሉም መኪና አንድ ቦታ አይደለችም። አንዳንዱ ላይ የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ናት፣ አዳዲሶቹ ላይ ከስክሪኑ ነው የሚስተካከለው። ስኮርታው ላይም ሴንሰር ያላቸው መኪኖች ስላሉ አራቱ ልክ ሆነው መብራቱ እምቢ ካለ እሱንም ለኩት።

መብራቱ ስታስነሱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ብልጭ ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሲስተሙ ራሱ ችግር አለበት። ብዙ ጊዜ የሴንሰሩ ባትሪ አልቆ ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያገለግላል። ባትሪው የታሸገ ስለሆነ ለብቻው አይቀየርም። አዲስ ሴንሰር ጎማው ውስጥ ይገባል፣ ቁጥሩም በኮምፒውተር መኪናው ላይ ይመዘገባል። ለዚህ መሣሪያው ያለው ጋራዥ ፈልጉ፤ በተኗን ደጋግሞ መጫን አይፈታውም።