ሞቶ የተዋጋው መርከብ

ነገሩ የጀመረው ከስማቸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመኖች ወደ ሩቅ አገር ለሚልኳቸው ትንንሽ የመድፍ ጀልባዎች የአውሬና የወፍ ስም ያወጡ ነበር። ኤበር ከርከሮ ነው፣ አድለር ንስር፣ ቮልፍ ተኩላ። ሂዬነ ደግሞ ጅብ! ጅብ የሚባል የጦር መርከብ እንዳለ ሳውቅ ሳቄ መጣ። በዚያው የእያንዳንዳቸውን ታሪክ ከውልደት እስከ ሞት በሰንጠረዥ ላስቀምጥ ብዬ ተነሳሁ። ሁለት ቅዳሜ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ አራት ወር ፈጀብኝ።

ደብተሬን አጋድሜ አሰመርኩ። ስም፣ ዓመት፣ ውጊያ፣ መጨረሻ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር። ኢልቲስ ላይ ስደርስ ነገር ተበላሸ። አንዱ መስመር «1896፣ ቻይና፣ ሻንዶንግ ጠረፍ፣ በማዕበል ተሰባብሮ ጠፋ» ይላል። ከሥሩ «1900፣ እዚያው ቻይና የታኩን ምሽግ ደበደበ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሙት ተነሥቶ ነው? አንድ ማታ ሙሉ በላጲስ ወረቀቱን ስቀድ አምሽቼ ነው የገባኝ። የጠፋውን ስም በ1898 ለአዲስ መርከብ ሰጥተውታል። እሱንም በ1914 ቺንግዳኦ ላይ ራሳቸው ጀርመኖች አሰመጡት። ከዚያ ወዲህ የተሠራበትን ዓመት ከጎኑ ሳላደርግ የመርከብ ስም አልጽፍም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። «ውጊያ» የሚለው አምድ ሞቨ ላይ ባዶ ቀረ። ምንም ያልሠራ መርከብ መሰለኝ። ኋላ ሳየው ግን ጉስታቭ ናኽቲጋልን ይዞ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የዞረው እሱ ነው። ናኽቲጋል ሐኪም ነበር፣ ሰሃራን ያቋረጠ ተጓዥ። ሐምሌ 5 ቀን 1884 ቶጎ ላይ የጀርመን ባንዲራ ተሰቀለ፣ ሐምሌ 14 ካሜሩን ውስጥ ዱዋላ ላይ። የእንግሊዙ ቆንስል ከቀናት በኋላ ሲደርስ አገሩ ተይዟል። ናኽቲጋል ራሱ በሚያዝያ 1885 እዚያው ሞቨ ላይ፣ ባሕር መሃል ሞተ። «ማንን ጫነ» የሚል አምድ ጨመርኩና ሁሉንም እንደገና ጀመርኩ። አናደደኝ፣ ግን ሌላ መንገድ አልነበረም።

በመጨረሻ ሳሞአ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች። መጋቢት 1889 አፒያ ወደብ ውስጥ ሰባት የጦር መርከቦች ተፋጠው ቆመው ነበር፦ ሦስት የጀርመን፣ ሦስት የአሜሪካ፣ አንድ የእንግሊዝ። ማዕበሉ እየመጣ እንኳ ቀድሞ ወጥቶ ወደቡን ለሌላው ሊለቅ የፈለገ የለም። ኤበር ከድንጋዩ ጋር ተላትሞ ከነአብዛኛው ሠራተኛው ጠፋ። አድለርን ማዕበሉ አንሥቶ ድንጋዩ ላይ በጎኑ ጣለው። ሞተሩን አምኖ እየታገለ የወጣው የእንግሊዙ ካሊዮፒ ብቻ ነው። ከወራት በፊት ከጀርመኖች ጋር ሲዋጉ የነበሩ ሳሞአውያን ደግሞ ማዕበሉ ውስጥ እየገቡ የጀርመን መርከበኞችን ጎትተው አወጡ። ይኼን በየትኛው አምድ ላስገባው? ቦታ አጥቼ ከገጹ ጠርዝ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።