የአምስት ሰዓት ዛፍ

ሲንጋፖር የሄድኩት ለአራት ቀን ሥልጠና ነው። ስለ ሥልጠናው የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። ክፍሉ ይበርዳል፣ ቡናው ቀጭን ነው፣ በቃ።

ነገሩ የጀመረው ከቻንጊ አየር ማረፊያ ስወጣ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙት ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ከታክሲያችን በላይ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። አናታቸው እንደ ግራር ጃንጥላ ነው። ግንዳቸውን ግን እኔና ሹፌሩ እጅ ለእጅ ብንያያዝ እንኳ የምናቅፈው አይመስለኝም። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እዚያ አገር ትልቅ ሰው «አንክል» ነው የሚባለው፣ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው።

«አንክል፣ ይሄ ዛፍ ምን ይባላል?»

«የዝናብ ዛፍ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ማላዮች ግን ፑኩል ሊማ ይሉታል» ብለው ጨመሩ። አምስት ሰዓት ማለት ነው። ወደ ማታ ቅጠሉን ያጥፋል፤ ሊዘንብ ሲልም እንደዚያው። የእነሱ አምስት ሰዓት የእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ይሄንን ዛፍ ሲታጠፍ ሳላይ አልሄድም ብዬ ወሰንኩ።

ዛፉ እንደ ባሕር ዛፋችን መጤ ነው። የመጣው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ ለማገዶና ለምሰሶ ተከልነው፤ እነሱ ይሄንን ለጥላ ተከሉት። ከምድር ወገብ አፍንጫ ሥር ላለች ከተማ ጥላ ቅንጦት አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ኩዋን ዪው እ.ኤ.አ. በ1963 ፋረር ሰርከስ በሚባል አደባባይ ዛፍ ተክለው ዘመቻ ጀመሩ። ዛፍ መትከልስ ማንም ይተክላል፣ እኛም እንተክላለን። እኔን የገረመኝ በ1975 ያወጡት ሕግ ነው። መንገድም ሆነ ቤት ወይም የመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሰው፣ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ፣ ለዛፍ የሚሆን ቦታ መተው አለበት። ዛፉ የሚገባው ከተረፈው መሬት ላይ አይደለም ማለት ነው። ድርሻው መጀመሪያ ፕላኑ ላይ ይሰመርለታል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቶአ ፓዮ ወደሚባል ሰፈር ሄድኩ። ስሙ «ትልቁ ረግረግ» ማለት ነው። በ1960ዎቹ ነው ኮንዶሚኒየም የተሞላው። እነሱ ኮንዶሚኒየም አይሉትም፤ እነሱ ዘንድ ኮንዶሚኒየም የሀብታም ቤት ነው። በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ልማት ቦርድ የሚሠራቸው ቤቶች ናቸው፤ ከአሥር ነዋሪ ስምንቱ ገደማ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ሕንፃዎቹ እውነቱን ለመናገር የክብሪት ሣጥን ናቸው። ቀጥ ያለ ረጅም ኮሪደር፣ የተደረደሩ መስኮቶች፣ ጎናቸው ላይ በትልቁ የተጻፈ የብሎክ ቁጥር። ዲዛይን የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ። ግን ሰፈሩ ያምራል! ለምን እንደሚያምር የገባኝ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሕንፃው አይታይም። የሚታየው ቅጠል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳ ደግሞ ጥላ ሲወዛወዝበት ይውላል። ያ ደረቅ ሣጥን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዛፍ ሲያለብሰው ኖሯል።

የብሎኮቹ ምድር ቤት ባዶ ነው፤ ምሰሶ ብቻ። ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወቱበታል። የማላዮች ሠርግ እዚያ ይደገሳል፣ የቻይኖች ለቅሶም እዚያው ይቀመጣል። እኛ ጋ መኪና አስነስተን፣ ልጆች አባረን፣ ድንኳን የምንተክልለትን ነገር እነሱ ከነጣሪያው ሠርተውታል። ቀናሁ፤ ምን ልዋሽ?

በሦስተኛው ቀን ለፎቶ ብዬ መሀል ከተማ ያለ አንድ ዝነኛ ሆቴል ፊት ቆምኩ። በረንዳዎቹ እንደ እርከን ተሠርተው ዛፍና ሐረግ ተንጠልጥሎባቸዋል። ጉድ ነው። አምስት ፎቶ አንስቼ ሄድኩ።

ቴንጋ የምትባለው አዲሷ ከተማ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ከደሴቲቱ ምዕራብ፣ 700 ሄክታር መሬት ላይ፣ 42,000 ቤት እንዲኖራት ታስባ የምትገነባ ናት። «የጫካ ከተማ» ነው የሚሏት። የከተማዋ እምብርት መኪና እንዳይገባበት ተደርጎ ነው የታቀደው። 100 ሜትር ስፋትና 5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጫካ መተላለፊያም ለአውሬና ለወፍ ተትቶላታል። ወረቀት ላይ ምን ይወጣላታል?

ነገር ግን ቦታው ቀድሞውንም ጫካ ነበር። የድሮ መንደርና የሸክላ ፋብሪካ ከቦታው ከተነሱ በኋላ ዛፉ ራሱን በራሱ መልሶ ያበቀለበት መሬት ነው። አብዛኛውን መነጠሩና የጫካ ከተማ አሉት። ሕንፃዎቹን ሳይ ከቶአ ፓዮ ሳጥኖች በስንት እጅ ይበልጣሉ፤ ቀለማቸው የተመረጠ፣ ጣሪያቸው ላይ አትክልት ያለ። ሰፈሩ ግን ራቁቱን ነው። ዛፎቹ በሦስት ዱላ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጥላቸው የአንድ ሰው ትከሻ አይሸፍንም። ፀሐዩ አናቴን ሲመታኝ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጥኩ። ሃምሳ ዓመት ስጧቸው ይባል ይሆናል። እሺ። የቀደመው ጫካስ ስንት ዓመት ፈጅቶበት ነበር?

እዚያ ፌርማታ ላይ ቦሌ ትዝ አለኝ። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ መስፋቱን በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝና እመሰክራለሁ። ዘንባባዎቹ ግን ቁመና እንጂ ጥላ የላቸውም። ሰባት ሰዓት ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው በዘንባባው ግንድ ጥላ ልክ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው የመስታወት ሕንፃ ደግሞ ፀሐይዋን መልሶ ፊቱ ላይ ይደፋበታል። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ ያላት አገር ለምን ዘንባባ እንደምትመርጥ አልገባኝም። ዝግባ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ይሆን? ለምረቃ አይደርስማ።

የኔ ኮንዶሚኒየም ታሪክ ደግሞ አጭር ነው። ጎረቤቴ እማማ ከብሎካችን ፊት አቮካዶ ተክለው በልብስ ማጠቢያ ውሃ አሳደጉት። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ቱቦ የሚቀብሩ ሰዎች መጡና ከሥሩ ነቀሉት። ሠራተኞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ከግድግዳው እስከ አስፋልቱ ያለችው መሬት ያቺው ብቻ ናት፤ ቱቦውም፣ ገመዱም፣ መኪናውም፣ አቮካዶውም እዚያችው ላይ ይጋፋሉ። እማማ አሁን በርሜል ላይ ሎሚ ተክለዋል። «ይሄን ተሸክሜው እሸሻለሁ» ይላሉ።

በመጨረሻው ቀን በእነሱ አምስት ሰዓት ወደ ቶአ ፓዮ ተመልሼ አንድ ትልቅ የዝናብ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። አንገቴን ሰቅዬ ጠበቅኩ። ቅጠሉ ንቅንቅ አላለም። አምስት ተኩል፣ ስድስት። በኋላ እንዳነበብኩት ሲንጋፖር በ1982 ሰዓቷን በግማሽ ሰዓት ወደፊት ገፍታለች፤ ዛፉን የነገረው የለም።

በእኛ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል የታችኞቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ እያሉ መታጠፍ ጀመሩ። ድንገት ከላይ ሰማይ ታየኝ። አጠገቤ ዳማ ሲጫወቱ የነበሩት ሽማግሌዎች ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ጠጠሮቻቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ወጡ።