ፕሮፌሰሩ በጆሮዬ፣ ክራሩ በጎረቤት

ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ መሣሪያም አልጫወትም። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲቀዘቅዝ ጆሮዬ ነፃ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲውን የፕሮፌሰር ክሬግ ራይትን የሙዚቃ ማዳመጥ ኮርስ የጨረስኩት በዚያች ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የተቀረጸ ነው፤ በቪዲዮም በድምፅ ብቻም በነፃ ይገኛል። ድምፁን በሌሊት ጥቅል አወርዳለሁ፤ ፒያኖ ላይ የሚያሳየው ነገር ካለ ብቻ ቪዲዮውን እከፍታለሁ። የአሜሪካዊውን ሙዚቀኛ የሊዮናርድ በርንስታይንን እ.ኤ.አ. የ1973 የሃርቫርድ ሌክቸሮችም አይቻለሁ፤ ግሩም ናቸው፣ ግን ሙዚቃን ከቋንቋ ሳይንስ ጋር ስለሚያያይዝ ለጀማሪ ይከብዳሉ። በሱ አትጀምሩ።

በስልክ ስፒከር ለመማር የሚያስብ ካለ ይተወው። ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) መቼ እንደሚቀየር የሚነግራችሁ ቤዙ፣ ማለት ከሥር ያለው ወፍራም ድምፅ ነው፣ የስልክ ስፒከር ደግሞ ቤዝ የሚባል አያሰማም። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ግዙ። «ካኖን» የሚባለውን የጀርመናዊውን የፓኸልቤልን ሥራ ቤዝ የያዝኩት በኢርፎን ነው፦ ስምንት ኖታ፣ ያለ ለውጥ እየተደጋገመ። ጣቴን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፍኩ እቆጥራለሁ፤ ላዩ ላይ ቫዮሊኖቹ ይሯሯጣሉ፣ ሥሩ ንቅንቅ አይልም። ስድስተኛው ላይ ስደርስ አንዱ መታወቂያ ይዞ ይመጣል፣ «ፊትና ጀርባውን በአንድ ገጽ አድርጊልኝ»። እንደገና ከአንድ።

ሌላው፣ መምህሩ ቆርጦ ያሰማውን ሰምቶ ማለፍ የተማሩ ያስመስላል እንጂ አያስተምርም። ቀረጻውን አቁሜ ሙሉውን ሥራ እሰማለሁ። የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ መክፈቻ፣ ያቺ አራት ኖታ፣ መሐል ላይ ተበታትና ቆይታ ስትመለስ የሚሰማው እንደዚያ ብቻ ነው።

ያስቸገረኝ የኮርድ ትምህርት ነበር። ሁሉም ነገር በሰባት ድምፅ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) ይብራራል፣ የኔ ጆሮ ያደገው በአምስት ድምፅ ቅኝት። ስለዚህ ጎረቤታችን ጋሼ ዘንድ ሄድኩ፤ ክራር ይጫወታሉ።

«ጋሼ፣ ትዝታ ሜጀር ይቃኙልኝና ከዚያ ሚ እና ላን በግማሽ ድምፅ ያውርዱልኝ።»

«አንቺ፣ ሚ እና ላ የሚባል እኔ ጋ የለም። ማይነሩን ፈልገሽ ከሆነ እንደዚያ በይ!»

ሁለት ክር ላላ አደረጉ፣ ደረደሩት፤ የሞቀው ዜማ አዘነ። መምህሩ ስለ ሜጀርና ማይነር ያለው ሁሉ እዚያ በረንዳ ላይ ገባኝ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ በወረቀት ሞከርኩት። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በነዚህ ብቻ ሙሉ ሆነው የሚቆሙት ኮርዶች ሁለት ናቸው፦ ዶ-ሚ-ሶልና ላ-ዶ-ሚ። ፋ እና ሲ የሉም። ፈረንጆቹ ኮርዱን ወደ ቤቱ የሚመልሱት ደግሞ ወደ ዶ በምትገፋው በሲ ነው። ለካ ትዝታ ማረፊያው ሲደርስ ያ ግፊት የማይሰማኝ ለዚህ ነው! ይህን ኮርሱ አልነገረኝም፤ ሳይማሩት ግን አይገኝም።

አሁን ሠርግ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ትዝታ እያጀበ የሶልን ኮርድ ሲመታ ያቺ ሲ ሾልካ ስትገባ እሰማታለሁ። ጋሼ «ቅኝቱን አበላሸው» ይላሉ። እኔ ደስ ይለኛል። ገና አልተግባባንም።