ኤምቢኤዬን ይዤ ኦዲተር ልሆን ስሄድ

ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ምኞቴ አንድ ነበር፤ ኦዲተር መሆን። ማስተርስ ልማር ስነሳ ግን የተመዘገብኩት ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ነው። ለምን? ቢሮው ሁሉ እሱን ይማር ነበራ! ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ተጋርቶ መሄዱም አንድ ነገር ነው።

ትምህርቱን አልወቅሰውም። ማርኬቲንግ፣ የሰው ሀብት፣ ስትራቴጂ ተማርኩ። ፋይናንስም ነበረው። ግን ሥራ አስኪያጅ ሪፖርት አንብቦ እንዲወስን ያህል ነው፤ ሪፖርቱን እንዲመረምር አይደለም። ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በተመረቅኩ በጥቂት ወር አንድ ትልቅ ድርጅት የኦዲተር ክፍት ቦታ አወጣ። ከረባቴን አስሬ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። መሀል የተቀመጡት ሽማግሌ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ ድርጅቱ ቢሮ ለ5 ዓመት ተከራይቷል። በአይኤፍአርኤስ 16 እንዴት ትመዘግበዋለህ?»

«በየወሩ የኪራይ ወጪ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ!» አልኩ፤ በሙሉ ልብ።

ከጎናቸው ያለችው ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በቃ፣ ያኔ ነው የነቃሁት።

ለካ አይኤፍአርኤስ 16 የሚሉት ዓለም አቀፉ የኪራይ ሂሳብ አያያዝ ደረጃ ነው፤ በእሱ መሠረት እንዲህ ያለ ረጅም ኪራይ ሲኖር የመጠቀም መብቱ በንብረት፣ ገና የሚከፈለው ደግሞ በዕዳ ነው የሚያዘው። እንደ ወጪ ብቻ ማለፍ የሚቻለው በዋናነት ኪራዩ ከ12 ወር ካልበለጠ ነው። ደረጃው እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ይሠራበታል። አገራችንም ወደነዚህ ደረጃዎች እንድትገባ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ተደንግጓል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አመራር ዘይቤ ወረቀት ስጽፍ ነበር።

ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው። በሩ ድረስ ሸኙኝ። «ኤምቢኤው አይጠላም። ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ ብትል ይጠቅምህ ነበር። ለኦዲት ግን የአካውንቲንግና ፋይናንስ ማስተርስ፣ ወይም ኤሲሲኤ ይሻልህ ነበር» አሉኝ። ኤሲሲኤ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ነው፤ ከፈተናው ሌላ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልምዱማ ነበረኝ!

በቀደም ገንዘብ ያዣችን «ማስተርስ ልጀምር ነው፤ ሁሉም ኤምቢኤ ይሻላል ይለኛል» አለችኝ።

«ምን ልትሆኚ?»

ዝም አለች። ማኪያቶ ጋበዝኳትና ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ወሰድኳት። የምትመኘውን ሥራ እየፈለገች የሚጠይቁትን ትምህርት ደብተሯ ላይ ገለበጠች። ምዝገባውን ለጊዜው ትታዋለች።

እኔ ማታ ማታ ኤሲሲኤ አጠናለሁ። የኪራይ ምዕራፉን ሦስቴ አንብቤዋለሁ።