«እንደ ልጅ ነበረች»

ትናንት ማታ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን በሸፈናት ሰዓት፣ ቡናችንን እየጠጣን ሳለ እናቴ በአያቷ ቤት ትኖር ስለነበረች አንዲት ሴት አነሣችልኝ። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ስትፈጭ የምታነጋ፣ ከሁሉም ኋላ የምትበላ ሴት ነበረች። የምትፈጭበት መጅ ዛሬም ጓሯችን ውስጥ አለ፤ በሁለት እጅ የሚያዝበት ጎኑ ለስልሶ እንደ ሳሙና ይዳሰሳል። «ባርያ አትበላት፣ እንደ ልጅ ነበረች» አለችኝ እናቴ። የአባቷን ስም ብጠይቃት ግን አላወቀችውም፤ የመጣችበትን አገርም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዋጅ ጠፍቶ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ የባርያን ንግድ ከልክለዋል፤ አፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ንግዱን ለማስቆም ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለዋል፤ አፄ ምኒልክም አውጀዋል። ነገር ግን ከዘመቻ የሚመለሰው ወታደር ምርኮኛውን እንደ ደመወዙ ይቆጥር ነበር፤ ሹሙም ከነጋዴው ቀረጥ ያገኝ ነበርና አዋጁን የሚያስፈጽመው ሰው ራሱ የንግዱ ተጠቃሚ ነበር። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን በራስ ተፈሪ ጊዜ የወጣው ሕግ እንኳ፣ ከባርያ የሚወለደው ልጅ ነጻ ይሁን ሲል፣ ሌላው ግን ጌታው ከሞተ በኋላ 7 ዓመት እንዲጠብቅ ያዝዝ ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያቺ ሴት የምትቆጥራቸው ዓመታት ይታዩኛል። ፋሺስት ኢጣልያም ይህንኑ ነውራችንን ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ከነጻነት በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በባቲ አድርገው ወደ ጅቡቲ የሚሄዱትን የጭነት መኪኖች እያየሁ፣ በዚያው አቅጣጫ ከደጋው ወደ ታጁራ ወደብ ይወርድ የነበረውን የባርያ ቅፍለት አሰብሁ። በመስከረም 1881 ዓ.ም. ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባርያ ጭነው ባሕሩን ሊሻገሩ የነበሩ ጀልባዎችን ይዛ፣ ውስጣቸው የተገኙትን የኦሮሞ ልጆች የመን ውስጥ ወዳለው የኤደን ወደብ ወሰደቻቸው። ከእነርሱ 64ቱ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያም እያንዳንዱ ልጅ በአስተርጓሚ ተጠየቀ፦ ስምህ ማን ነው? አባትህስ? ማን ሸጠህ? በየት አድርገው አመጡህ? መልሱ ሁሉ ተጻፈ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች፤ ከአፓርታይድ ጋር ታግሎ በሮበን ደሴት 10 ዓመት የታሰረው ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው። የልጅ ልጇ የአያቱን አባት ስም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እኛ ቤት የጠየቃት የለም። ስንት ዘመን አብራን ኖራ፣ እንጀራችንን በእጇ ፈጭታ አብልታን፣ «እንደ» የምትለዋን ቃል ሳንጥል ቀበርናት። እናቴን አልወቅሳትም፤ ያኔ ሕፃን ነበረች። ይሁን እንጂ ሰኞ ገበያ አጠገብ የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እኅት፣ ሴትዮዋ ስትፈጭ ታንጎራጉር እንደነበር ታስታውሳለች አሉኝ። ነገ ሄጄ በምን ቋንቋ ታንጎራጉር እንደነበር እጠይቃታለሁ።